«መከበር ከፈለግክ ሥራበት» እና ሌሎች የሰሞኑ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ተመካክረው የተጻፉ ይመስላሉ። ግማሾቹ ከወላጆች ናቸው፤ ልጆቻችን አያከብሩንም ይላሉ። ግማሾቹ ከልጆች ናቸው፤ ወላጆቻችን አያከብሩንም ይላሉ። ጉዳዩ አንድ ስለሆነ አንድ ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ (አንዱ ትንሽ ቢጨመርበት ልብ ወለድ ይወጣው ነበር)፤ ጸሐፊው ማን እንደሆነ የሚያሳብቁ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ወንድ ልጅ አባት ናቸው። ማታ ልጃቸውን «ስልኩን አስቀምጥና ተኛ» ይሉታል። ልጁ ቀና ብሎ እንኳን ሳያያቸው «አባዬ፣ መከበር ከፈለግክ ሥራበት፤ ክብር በነፃ አይሰጥም» ይላቸዋል። ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይወስዳቸው አደሩ። «እኔ የአባቴን ዓይን ቀና ብዬ አይቼ አላውቅም። አሁን በገዛ ቤቴ ለአባትነት ፈተና ልቀመጥ ነው?» ይላሉ። ልጁ ይሄን ንግግር ከየት እንዳመጣውም ማወቅ ይፈልጋሉ።

መልስ፦ ከየት አመጣው ለሚለው፣ ከስልኩ ነው። አስቀምጥ ካሉት ስልክ ማለቴ ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን እንዲህ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ሁለታችሁም ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀውባችሁ ነው የምትጣሉት።

አንደኛው ሥልጣን ነው። «ተኛ» የማለት፣ «አይሆንም» የማለት ሥልጣን። ይሄ ተሠርቶ የሚገኝ አይደለም፤ ከማሳደግ ኃላፊነት ጋር አብሮ ይመጣል። የሁለት ዓመት ልጅ ወደ መኪና መንገድ ሲሮጥ ለቀም አድርጎ የሚይዘው ወላጅ መጀመሪያ የልጁን አመኔታ አላተረፈም። የልጁ ሕይወት በእሱ እጅ ስለሆነ ብቻ ይይዘዋል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ይሄን ጉዳይ አንስቶት ነበር። በዘመኑ «ንጉሥ ሕዝቡን የሚገዛው አባት ልጆቹን በሚገዛበት ሥልጣን ነው» የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱን ሲሞግት፣ የአባት ሥልጣን ራሱ ከመውለድ አይመጣም አለ። የሚመጣው ልጁ በራሱ አእምሮ መመራት እስኪችል ድረስ እሱን የማሳደግ ግዴታ ስላለ ነው። ስለዚህ ልጁን መንከባከብ የተወ አባት ሥልጣኑንም ያጣል፤ የተጣለውን ልጅ አንስቶ ያሳደገው ሰው ደግሞ ሥልጣኑን ያገኛል። እኔ ይሄን ሐሳብ የምወደው ለሁለታችሁም የማይመች ስለሆነ ነው። ለልጅዎ አይመችም፤ የማሳደጉ ሥራ እስካለ ድረስ ሥልጣኑም አለ፣ እሱ ፈርሞ የሚሰጠው ነገር አይደለም። ለእርስዎም አይመችም፤ ልጁ ባደገ ቁጥር እየቀነሰ ሄዶ አንድ ቀን ያልቃል። በ1989 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 5 ላይ የሚለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ወላጆች ልጃቸውን የመምራት መብትም ግዴታም አለባቸው፤ አመራራቸው ግን እያደገ ከሚሄደው የልጁ ችሎታ ጋር የሚሄድ መሆን አለበት። የ5 ዓመት ልጅ ያለ ቅሬታ የሚቀበለው ትእዛዝ በ15 ዓመቱ ስድብ ይመስለዋል፣ በ25 ዓመቱ ደግሞ ያስቀዋል።

ሁለተኛው ተራ ጨዋነት ነው። ሰው ሲያናግር ቀና ማለት፣ አለመሳደብ፣ አለማላገጥ። ይሄም ተሠርቶ የሚገኝ አይደለም። ልጅዎ ለማያውቀው መንገደኛ የሚሰጠውን ጨዋነት ለአባቱ ሊነፍግ አይችልም፤ እዚህ ላይ ክርክር አያስፈልግም፣ «እንደዚህ አታናግረኝ» ብለው ዝም ማለት ይበቃል። ችግሩ ጨዋነት ለልጅም የሚገባ መሆኑ ነው። ጓደኞቹ ፊት «ደደብ» እያሉት ከሆነ፣ ይሉታል አላልኩም፣ እያሉት ከሆነ ግን ልጁ የተማረው ከቤቱ ነው።

ሦስተኛው ተሰሚነት ነው። ምክር ሲፈልግ ወደ እርስዎ መምጣቱ፣ እርስዎ በሌሉበት ቃልዎን ማስታወሱ፣ ሲያጠፋ ከማንም በፊት ለእርስዎ መንገሩ። ልጅዎ ልክ የሆነው እዚህ ላይ ነው። ይሄኛው ተሠርቶ የሚገኝ ነው፣ ያውም በብዙ ዓመት። ታዋቂዋ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳያና ባውምሪንድ በ1960ዎቹ ወላጆችን ስታጠና ሦስት ዓይነት አካሄድ ለየች፦ «ስላልኩ ነው» የሚሉ፣ ሁሉንም የሚፈቅዱ፣ እና ጠንከር ያለ ደንብ አውጥተው ምክንያቱን የሚናገሩ፣ ልጁ ሲከራከርም የሚሰሙ። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ልጁን ይሰማሉ እንጂ ውሳኔውን አሳልፈው አይሰጡትም፤ ይሄ ልዩነት ለብዙ ሰው አይገባውም። በ2012 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ታዳጊዎችን ተከታትሎ ወላጆቻቸው እነሱን የማዘዝ መብት እንዳላቸው ይቀበሉ እንደሆነ ጠየቃቸው። ደንብም ማዳመጥም ያለበት ቤት የሚያድጉት ይበልጥ ይቀበላሉ። «ስላልኩ ነው» የሚባልበት ቤት የሚያድጉት ይበልጥ ይጠራጠራሉ። የወላጆቻቸውን መብት የተቀበሉት ልጆች ጥፋት ውስጥ መግባታቸውም ያነሰ ነበር። እንግዲህ «ስላልኩ ነው» የሚለው ቃል ሥልጣንን የሚያጠነክር ይመስላል እንጂ የሚበላው ራሱን ሥልጣኑን ነው።

ስለ አባትዎ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ዓይናቸውን ቀና ብለው አይተው አያውቁም። ያ ክብር ይሁን ፍርሃት እኔ ልፈርድ አልችልም፤ እርስዎ ግን አንድ ነገር ራስዎን ይጠይቁ። በ15 ዓመትዎ ከባድ ነገር ሲገጥምዎ መጀመሪያ የሄዱት ወደ እሳቸው ነበር? ከሆነ ክብር ነበር። እሳቸው እንዳይሰሙ ብለው ሲደብቁ ከነበረ ደግሞ፣ ልጅዎ ያንን ስላልሰጠዎት ማዘን ያለብዎት አይመስለኝም።

የሚያጽናና ነገር ልጨምር። ጁዲት ስሜታና የምትባል ተመራማሪ ታዳጊዎችና ወላጆች በምን እንደሚጣሉ ለብዙ ዓመታት አጥንታለች። ልጆቹ በሁሉም ነገር አያምፁም። አደጋ ያለበት ነገር ላይ፣ ሌላ ሰው የሚጎዳ ነገር ላይ፣ ወላጅ ደንብ ማውጣቱን አብዛኞቹ ይቀበላሉ። የሚያምፁት «የግሌ ነው» በሚሉት ላይ ነው፤ ፀጉር፣ ልብስ፣ ጓደኛ፣ የራሳቸው ክፍል። ስልክ ደግሞ መሐል ላይ ያለ ነገር ነው። ለእርስዎ የእንቅልፍና የጤና ጉዳይ ነው። ለእሱ ጓደኞቹ ያሉበት ቦታ ነው። ስለዚህ ነገ፣ ማታ ሳይሆን ቀን፣ ሁለታችሁም ሳትናደዱ ያነጋግሩት። እንቅልፍ የማይደራደሩበት ነገር መሆኑን ይንገሩት፤ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እና ስልኩ የት ይደር የሚለውን ግን እሱም ሐሳብ ያምጣ። ከዚያ ይወስኑ። ደግሞ የእርስዎም ስልክ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር። ይሄን ካነበቡ በኋላ «እኔ እኮ ለሥራ ነው» ሊሉኝ እንደሆነ አውቃለሁ። እሱም ያንኑ ነው የሚለው።

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጇ በስሟ ትጠራታለች፤ ንቀት ነው ወይ?

መልስ፦ ካልወደድሽው «እማዬ በይኝ» በያት፣ ከወደድሽው ተዪያት፤ ንቀት ግን አይደለም።

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ልጅ እናት ናት። ልጇን በጉልበት ላለማሳደግ ወስናለች፣ ጥሩ። ሁሉንም ነገር አስረድታ አሳምና ነው የምታሠራው። ጠዋት ጫማ ለማስደረግ ክርክሩ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ሥራ ታረፍዳለች፣ በመጨረሻ ራሷ ታለቅሳለች። «ሥልጣኔን በትክክል እያገኘሁት አይደለም ማለት ነው?» ትላለች።

መልስ፦ እህቴ፣ የጫማ ሥልጣን ተሠርቶ የሚገኝ አይደለም፤ ድሮም አለሽ። ከላይ ያለውን መልስ አንብቢው።

የ4 ዓመት ልጅ ማብራሪያ ሲበዛበት አያምንም፤ የሚገባው ገና እንዳልወሰንሽ ብቻ ነው። ገና ካልወሰንሽ ደግሞ እሱ ሊወስን ይሞክራል፣ ልጅ ነውና አይፈረድበትም። ጄራልድ ፓተርሰን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይሄን ነገር ቤት ለቤት እየሄደ ተመልክቶ አሳይቷል። ወላጅ ያዛል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ወላጅ ይሰለቸውና ትእዛዙን ይተዋል፣ ልቅሶው ያቆማል። ልጁ ልቅሶ እንደሚሠራ ተማረ። ወላጁም መተው ሰላም እንደሚያመጣ ተማረ። ሁለቱም ነገ ይደግሙታል፣ እየቆየ ልቅሶውም ጩኸቱም ይጨምራል፣ አንድ ቀን ወላጁ ይፈነዳል። አንቺ የፈራሽው በጉልበት ማሳደግ የሚገባበት አንዱ በር በዚህ በኩል ነው።

ምክንያቱን አንዴ ንገሪው። «ውጭ ስለታም ነገር አለ፣ እግርህን ይጎዳሃል።» ከዚያ ሁለት ምርጫ ስጪው፤ ራሱ ያደርጋል ወይስ አንቺ ታደርጊለታለሽ። ካላደረገ አድርጊለትና ውጡ። ያለቅሳል። ያልፋል። ረጅሙን ማብራሪያ ማታ ጫማው ሲወልቅ አድርሺው።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ሴት ልጅ እናት ናቸው። የልጃቸውን የስልክ ፓስወርድ አግኝተው መልእክቶቿን በድብቅ ያነባሉ። እስካሁን ምንም መጥፎ ነገር አላገኙም። «እናት ነኝ፣ መብቴ ነው» ይላሉ፤ ግን መብታቸው ከሆነ ለምን በድብቅ እንደሚያነቡ ራሳቸውም የገባቸው አይመስልም፣ አለዚያ አይጽፉልኝም ነበር።

መልስ፦ ምን እየፈለጉ ነው? የተለየ ምልክት ካዩ፣ ለምሳሌ አንድ የማያውቁት ትልቅ ሰው እያናገራት እንደሆነ ከጠረጠሩ፣ ወይም ራሷን የመጉዳት ነገር ከሰሙ፣ ያንብቡ። ያኔም ቢሆን ማንበብዎን ይንገሯት። ሥልጣን ለዚህ ነው የተሰጠዎት፣ የሚፈርድብዎት የለም።

ምንም ምልክት ሳይኖር በየማታው የሚደረግ ምርመራ ግን ሌላ ነው። ብዙ ወላጅ የማያውቀውን አንድ ነገር ልንገርዎት። በ2000 ሃካን ስታቲን እና ማርጋሬት ከር የተባሉ ተመራማሪዎች በስዊድን የ14 ዓመት ልጆችንና ወላጆቻቸውን አጥንተው አንድ ሥራ አሳተሙ። ከዚያ በፊት የነበረው ግምት «ልጁ የት እንዳለ የሚያውቅ ወላጅ በደንብ የሚቆጣጠር ወላጅ ነው» የሚል ነበር። እነሱ ያገኙት ሌላ ነው። ወላጆቹ ስለ ልጆቻቸው የሚያውቁት በአብዛኛው በቁጥጥር ወይም በጥያቄ ብዛት የተገኘ አልነበረም። ልጁ ራሱ ወዶ የነገራቸው ነው። እንግዲህ ዋናው የመረጃ ምንጭዎ ልጅዎ ናት። አንድ ቀን መልእክቶቿን እንደሚያነቡ ስታውቅ፣ ማወቋም አይቀርም፣ ምንጩ ይደርቃል። ፓስወርዱንም ትቀይረዋለች።

ምን ልበላት ካሉኝ፣ «ፓስወርድሽን አውቀዋለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቀይሪው፤ የሚያስፈራኝ ነገር ካየሁ ግን እጠይቅሻለሁ፣ ስልኩንም ልይ ልልሽ እችላለሁ» ይበሏት። ትናደዳለች። መናደድ መብቷ ነው፣ አይቅደሟት።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጁ ባለፉት ጥቂት ወራት ተቀይሯል። ሁሉም ነገር ያናድደዋል፣ በር ይደበድባል፣ መልስ ይመልሳል፣ ማታም በደንብ አይተኛም። አባቱ «ንቆኝ ነው» ብሎ ደምድሟል።

መልስ፦ በ12 ዓመት በር መደብደብ ብርቅ አይደለም። እንቅልፉ ግን ስለተነካ ሐኪም ይየው፣ ትምህርት ቤትም የሚያስቸግረው ሰው እንዳለ ጠይቅ። ንቀቱን ለጊዜው ተወው።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጅ ነው የጻፈው። አባቱ በቀበቶ ይመቱታል። መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር፣ አሁን በየሳምንቱ ሆኗል። ባለፈው ጊዜ ጆሮው ላይ ስለመቱት አንዱ ጆሮው በደንብ አይሰማም። እናቱ «አባትህ እኮ ነው፣ ስለሚወድህ ነው» ይሉታል። ጥያቄው ይሄ ነው፦ «እሱን ማክበር አለብኝ? ወይስ ችግሩ እኔ ነኝ?»

መልስ፦ ችግሩ አንተ አይደለህም።

የክብሩን ጥያቄ ለጊዜው እናቆየው፤ የሚቀድም ነገር አለ። በጆሮህ ጉዳይ ዛሬ ወይም ነገ ወደ ሕክምና ቦታ ሂድ። ጆሮ ላይ በሚያርፍ ምት የጆሮ ታምቡር ሊቀደድ ይችላል፤ በጊዜ ከታየ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፣ ግን መታየት አለበት። ሐኪሙ «ምን ሆነህ ነው?» ሲልህ «ወደቅኩ» አትበል። እንደሆነው ንገረው። ከዚያ ለአንድ የምታምነው ትልቅ ሰው ንገር፦ መምህር፣ የትምህርት ቤት አማካሪ፣ አክስት፣ አጎት፣ የጓደኛህ ወላጅ። የመጀመሪያው ሰው «ቻለው» ካለህ ሁለተኛ ፈልግ፣ ሁለተኛው ካለህ ሦስተኛ። ያለህበት ቦታ ለልጆች የተዘጋጀ ነፃ የስልክ መስመር ካለ ደውል። ሕይወትህ አደጋ ላይ እንዳለ ከተሰማህ ውጣና ፖሊስ ጋ ሂድ። ይሄን የምልህ አምደኛ ሁሉ መጨረሻ ላይ «ባለሙያ ያማክሩ» ስለሚል አይደለም። እኔ ከዚህ ሆኜ ጆሮህን ማየትም አባትህን ማስቆምም አልችልም፤ የሚችሉ ሰዎች አሉ፤ ደብዳቤዬን አንብበህ ስትጨርስ ለአንዳቸው መንገር አለብህ። የጻፍክበት አድራሻ ላይ ለብቻህ መልስ ልኬያለሁ፣ እባክህ እየው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እናትህ የሚሉትን ብዙ ሰው ያምነዋል፤ መምታት ሥርዓት ያስይዛል፣ ክብር ያስተምራል። በ2016 ኤልሳቤጥ ገርሾፍ እና አንድሩ ግሮጋን-ኬይለር ወደ 160 ሺህ የሚጠጉ ልጆችን የሚመለከቱ 75 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረዋል። የመረመሩት ያንተን ዓይነት ድብደባ አይደለም፣ ሰው ሁሉ ቀላል የሚለውን በእጅ መምታት ነው። ከሱም ቢሆን የተሻለ ታዛዥነት አላገኙም። አብሮት የሚታየው ብዙ ጠበኝነት፣ ብዙ ጭንቀት፣ ከወላጅ ጋር የተበላሸ ግንኙነት ነው። ስዊድን በ1979 ወላጅ ልጁን እንዳይመታ በሕግ ከልክላለች፣ ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ አገሮች ተከትለዋታል።

አባትህን መውደድ ትችላለህ። ልታዝንላቸውም ትችላለህ። ለነዚህ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግህም፣ ባትችልም ማንም አይወቅስህም። ዝም ብለህ እንድትመታ የሚያዝህ አክብሮት ግን የለም። ለሰው በመናገርህም ቤተሰብህን አላዋረድክም።

ጥያቄ፦ 32 ዓመቷ ነው። አባቷ ጥለዋት የሄዱት የ5 ዓመት ልጅ ሳለች ነው። አልጻፉም፣ አልደወሉም፣ አልረዱም። ከሁለት ዓመት በፊት ተመልሰው መጡ። አሁን የት መሥራት እንዳለባት፣ ከማን ጋር መኖር እንዳለባት፣ ገንዘቧን ምን ላይ ማዋል እንዳለባት ይነግሯታል። እሺ ስትል አይበቃቸውም፣ እምቢ ስትል «አባትነቴን ናቅሽ» ይላሉ። ዘመዶቿም «አባት ምንጊዜም አባት ነው» እያሉ አስጨንቀዋታል።

መልስ፦ ዘመዶችሽ እንዲህ ለማለት ለሃያ አምስት ዓመት ዕድሉ ነበራቸው። ለአባትሽ ነበር መንገር የነበረባቸው።

የጠቀስኩት ሎክ እዚህም ይጠቅመናል። ለወላጅ መታዘዝ እና ወላጅን ማክበር ለእሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መታዘዝ ልጅ ሲያድግ ያበቃል፤ ለሁሉም ልጅ፣ ጥሩ አባት ላለውም ጭምር። ስለዚህ አባትሽ በጣም ጥሩ አባት ሆነው አሳድገውሽ ቢሆን እንኳ፣ የ32 ዓመት ሴት የት እንደምትሠራ የማዘዝ ሥልጣን አይኖራቸውም ነበር። ይሄን ያዢው፣ ምክንያቱም ክርክሩ «ጥለኸኝ ሄደሃልና አላዳምጥህም» ከሆነ ማለቂያ የለውም፤ እሳቸው የሄዱበትን ምክንያት ያመጣሉ፣ አንቺ የራስሽን ታመጪያለሽ፣ ዘመድ ይዳኛል። «ትልቅ ሰው ነኝ፣ ይሄ የኔ ውሳኔ ነው» ግን ማስረጃ አይፈልግም።

ማክበር ዕድሜ ልክ ይቀጥላል ይላል ሎክ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ይጨምራል፤ መጠኑ ወላጁ በማሳደግ ላይ ባደረገው እንክብካቤ፣ ባወጣው ወጪና ባሳየው ደግነት ልክ ከፍ ዝቅ ይላል። ያላሳደገ አባት ያሳደገ አባት የሚገባውን ያህል ጠይቆ አያገኝም። ጨዋነት ይገባቸዋል፣ እሱን እየሰጠሻቸው ነው፤ እንደውም ከደብዳቤሽ እንደገባኝ ከበቂ በላይ። የቀረውን መሥራት ያለባቸው እሳቸው ናቸው። ደግሞም አይቸኩልም። የልደት ቀንሽን ማወቅ፣ ስለ ሕይወትሽ ሳያዙ መጠየቅ፣ «ለምን እንደሄድኩ ልንገርሽ፣ ለመስማት ዝግጁ ከሆንሽ» ማለት። እስካሁን አንዱንም እንዳላደረጉ ጽፈሽልኛል። ከትእዛዝ ነው የጀመሩት። አንዳንድ ሰው አባትነትን ትቶት እንደሄደው ዕቃ እዚያው ቦታው ላይ የሚያገኘው ይመስለዋል።

አንቺን አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ይቅር ማለት እና ሕይወትሽን አሳልፎ መስጠት አንድ እንዳልሆኑ ታውቂያለሽ? ብዙ ሰው ሁለተኛውን ላለማድረግ ብሎ የመጀመሪያውን ይከለክላል። አንቺ ከፈለግሽ የመጀመሪያውን ብቻ ማድረግ ትችያለሽ። ካልፈለግሽም አታድርጊ፣ ቀጠሮ የለበትም። የሥነ ልቦና ባለሙያ ማናገር ካሰብሽም ጥሩ ነው፣ ጊዜና አቅሙ ካለሽ።

ጥያቄ፦ ባለቤቷ «ለልጅ ይቅርታ መጠየቅ ያስንቃል» ይላል። እሷ አያስንቅም ትላለች። ዳኝነት ስጠን ነው የሚሉት።

መልስ፦ አያስንቅም። የሚያስንቀው ሁሉም ሰው ያየውን ስህተት አላየሁም ብሎ መድረቅ ነው፤ ልጅ ደግሞ ከማንም በላይ ያያል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ትሮኒክ እናቶችና ሕፃናት እንዴት እንደሚግባቡ ሲያጠና፣ ጤነኛ የሚባል ግንኙነት ውስጥም እናትና ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚተላለፉ አይቷል። ጥሩውን ግንኙነት ጥሩ የሚያደርገው ተላልፈው መልሰው መገናኘታቸው ነው። ይሄ ከሕፃንነት ይጀምራል፣ በጉርምስናም አይቆምም።

ለባለቤትሽ አንድ ማስታወሻ አድርሺልኝ። ይቅርታ ሲጠይቅ «ግን» አይጨምርበት። «ስለጮህኩብህ ይቅርታ፣ ግን አንተም አናደድከኝ» ይቅርታ አይደለም፣ ሁለተኛ ዙር ነው። ደንቡን ማንሳትም የለበትም። «የጮህኩት ጥፋት ነው፣ የቤት ሥራው ግን አሁንም ይሠራል» ማለት ይቻላል። እሺ፣ «ግን» ገባችበት። ይቺኛዋ ትፈቀዳለች።

ጥያቄ፦ የእንጀራ አባት ነው። የሚስቱ ልጅ 11 ዓመቷ ነው፣ አብረው መኖር ከጀመሩ አንድ ዓመት አልሞላቸውም። የቤት ሥራሽን ሥሪ ሲላት «አንተ አባቴ አይደለህም» አለችው። እናቷም ዝም አለች። ተናደደ፣ ከዚያ አዘነ። «የምመግባት እኔ ነኝ» ይላል።

መልስ፦ አባቷ አይደለህም። እውነቷን ነው፤ በእውነት አትጣላ። «ልክ ነሽ፣ አባትሽ አይደለሁም። የዚህ ቤት ትልቅ ሰው ግን ነኝ» በላት። «የምመግባት እኔ ነኝ» የሚለውን ግን ከአፍህ እንዳይወጣ፤ ሒሳብ የምታወራርድባት ይመስላታል።

እንደገና በተመሠረቱ ቤተሰቦች ላይ የተሠሩ ጥናቶች የሚመክሩት አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ አካባቢ ደንብ አስከባሪዋ እናት ትሁን፣ አንተ ደግፋት። አንተ ልጅቷን እወቃት፤ ምን እንደሚያስቃት፣ ምን እንደምትፈራ። ትእዛዝ ቀስ ብሎ ይመጣል። አሁን የገጠመህ ችግር እንዳየሁት ከልጅቷ ይልቅ ከሚስትህ ዝምታ ነው። ዛሬ ማታ ልጅቷ ከተኛች በኋላ እሷን አናግራት፤ እሷ በሌለችበት አንተ ምን ማለት እንደምትችል፣ ምን ለእሷ እንደምትተው ተስማሙ። ከዚያ እናቷ ራሷ ለልጅቷ ትንገራት። ካንተ አፍ ከወጣ ጉልበት ይመስላል፣ ከእናቷ አፍ ሲወጣ ግን የቤቱ ደንብ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጅ ነው፤ ደብዳቤው ሁለት መስመር ነው። «ወላጆቼ ክብሬን ገና ሠርተው አላገኙትም። ክፍሌን የማጽዳት ግዴታ አለብኝ?»

መልስ፦ አለብህ። እርግጥ ክፍሉ የግልህ ነው፣ ልብስህን በቀለም ደርድረህ ወይም ክምር አድርገህ ማስቀመጥ ያንተ ጉዳይ ነው፣ እናትህም እዚያ ድረስ ባትገባ ጥሩ ነው። ሽታው ኮሪደር ላይ ከደረሰ በኋላ ግን የግል መሆኑ ያበቃል። ካልሲዎቹን አንሳ፣ መስኮቱን ክፈት፣ ከዚያ ስለ ክብር ድጋሚ ጻፍልኝ።